የርእሰ አንቀጽ ቃል ለብቻው አይለቀምም

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በትምህርት ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን፣ እንግሊዝኛውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ እያነበበ ዐሥር ዐሥር አዳዲስ ቃላት በደብተሩ እንዲያሰፍር የሚመክረውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጐም ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ በመሆኔ የምክሩን የመጀመሪያ ግማሽ፣ ርእሰ አንቀጽ ይነበብ የሚለውን፣ ያለ ማመንታት እደግፈዋለሁ፤ እኔም ብሆን ለሥራዬ ከሚያስፈልጉኝ ቃላት ብዙዎቹን የቀሰምሁት ከዚያው ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ግን፣ ማለትም ቃላቱን ከዐረፍተ ነገራቸው ነቅሎ ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር ግራና ቀኝ መደርደሩን፣ ሞክሬው የተጐዳሁበት ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልቻልሁም።

ጉዳቱ እንዴት እንደ ደረሰ ልንገራችሁ። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ደብተር ነበረኝ፤ ከገጾቹ በአንዱ ላይ በግራ በኩል «ኖቶሪየስ»፣ በቀኝ በኩል ደግሞ «ታዋቂ፣ ዝነኛ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቃሉን ያገኘሁበት ርእሰ አንቀጽ በእስረኞች አያያዙ ስሙ ስለ ከፋ አንድ ወህኒ ቤት ይናገር እንደ ነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ግን የቸኰልሁት ለቃሉ እንጂ ቃሉ ለቆመበት ቦታ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባስገባሁት የሥራ ማመልከቻ ላይ «በትጋቴ የታወቅሁ ነኝ» ለማለት ያንኑ ቃል ተጠቀምሁበት። የሚፈትኑኝ ሰው ማመልከቻዬን ከፊታቸው ዘርግተው፣ በእርሳሳቸው ጫፍ ቃሉን መታ መታ እያደረጉ፣ «ትጋትህ ምን ወንጀል ሠራ?» አሉኝ። «ኖቶሪየስ» የሚባለው ስሙ በክፉ የሚነሣ ነው፤ ወንበዴ፣ ጉቦኛ ሹም፣ አደጋ የማያጣው መንገድ ይባልበታል፤ ትጉህ ሠራተኛ አይባልበትም። ደብተሬ ፈጽሞ ዋሽቶኛል ማለት አልችልም፣ ወንበዴውም እኮ ታዋቂ ነው። የጐደለኝ የቃሉ ጠባይ ነበር፤ ጠባዩን ደግሞ ከግራና ከቀኙ የተቀመጡት ቃላት በግልጽ እየተናገሩ ሳለ እኔ እነርሱን ትቼ እርሱን ብቻ ይዤ ሄድሁ።

ርእሰ አንቀጽ ከሌላው የጋዜጣ ጽሑፍ ይበልጥ ለእንዲህ ያለው ስሕተት የሚያጋልጠው በባሕርዩ ነው። ዜና የሆነውን ይነግራል፤ ርእሰ አንቀጽ በሆነው ላይ ይፈርዳል። የጸሐፊው ስም ስለማይሰፍርበት ድምፁ የጋዜጣው የራሱ ድምፅ ነው። አሜሪካውያን «ኤዲቶሪያል»፣ እንግሊዞች ብዙውን ጊዜ «ሊደር» የሚሉት ይህንኑ ሲሆን፣ ሰዎች በስማቸው የሚጽፉበት «ኦፕ ኤድ» የሚባለው ገጽ ከዚህ የተለየ ነው፤ ኒው ዮርክ ታይምስ ይህን ገጽ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀምር ስያሜው የመጣው ከርእሰ አንቀጹ ገጽ ትይዩ በመታተሙ ነበር፤ ብዙ አንባቢ ሁለቱን እንደሚያምታታ ስላየሁ ነው በዚህ ላይ ያቆየኋችሁ። ወደ ነገሬ ልመለስና፣ ፈራጅ ጽሑፍ በመሆኑ የርእሰ አንቀጽ ቃላት ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ናቸው። አንድ ባለሥልጣን «ሴይድ» ከተባለ ተናገረ ማለት ብቻ ነው። «ክሌምድ» ከተባለ ጸሐፊው ነገሩን ሙሉ በሙሉ እንዳላመነው ይጠቁማል፤ «አድሚትድ» ከተባለ ደግሞ ሰውየው የተናገረው ደብቆት ቢያልፍ የሚመርጠውን ነገር ነው። ሦስቱንም በደብተር ላይ «አለ» ብሎ የተረጐመ ተማሪ ቃላቱን ዐወቀ እንጂ ርእሰ አንቀጹን አላነበበም። «ኦስቴንሲብሊ» የምትለው ተውሳከ ግሥም እንዲሁ፣ ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ምክንያት ለይስሙላ የቀረበ ሊሆን እንደሚችል ሹክ ትላለች፤ እርሷን የዘለለ አንባቢ ጸሐፊው የሚጠራጠረውን ነገር ጸሐፊው ራሱ ያመነበት ይመስለዋል።

በዚህ ረገድ የምወደው ምሳሌ «ኢግሪጂየስ» የሚለው ቅጽል ነው። ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ከመንጋው ተለይቶ የወጣ» ማለት ነው፤ በድሮው እንግሊዝኛ ለምስጉን ሰው ይነገር ነበር፤ በዛሬው ርእሰ አንቀጽ ግን የሚቀጸለው ለከባድ በደል፣ ለከባድ ስሕተትና ለሕግ ጥሰት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ጉልህ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የጓደኛውን ጉልህ ውጤት በዚህ ቃል ቢያመሰግን ወዳጅነታቸው እንዳይቀዘቅዝ እፈራለሁ። በአማርኛ የሚስተካከለው «ዓይን ያወጣ» የምንለው ይመስለኛል፤ ዓይን ያወጣ ውሸት እንላለን፣ ዓይን ያወጣ ደግነት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ቃላቱ ለአንባቢ የሚከብዱበት ሌላው ምክንያት የዘር ሐረጋቸው ነው፤ ይህን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በተሻለ ሊረዳው ይገባል። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙበት ከ1066 እ.ኤ.አ. በኋላ የአስተዳደርና የፍርድ ቤት ቃላት በአብዛኛው ከፈረንሳይኛ፣ የሊቃውንቱ ደግሞ ከላቲን ስለ መጡ፣ እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለትና ሦስት ስም ያለው ቋንቋ ሆነ። መጠየቅ በቤት ቋንቋ «አስክ» ነው፤ በፈረንሳይኛው መንገድ «ክዌስችን»፣ በላቲኑ መንገድ ደግሞ «ኢንተሮጌት» ነው፤ የመጨረሻው ከፖሊስ ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊ ክብደት ሲፈልግ ወደ ላቲኑ ዘወር ይላል፤ የእኛም ጸሐፊ እንዲሁ ወደ ግእዝ ዘወር ብሎ «ሕገ መንግሥት»፣ «ምጣኔ ሀብት»፣ «ሥነ ምግባር» እንደሚል ማለት ነው፤ «ርእሰ አንቀጽ» የሚለው ስም ራሱ ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ስለዚህ «ማል» ብለው የሚጀምሩ ብዙ ቃላት ክፋትን፣ «ቤኔ» ብለው የሚጀምሩት ደግሞ በጎነትን እንደሚያዝሉ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሥርን ማወቅ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ «ኢግሪጂየስ» ሥሩን ብቻ ያየ ሰው የት እንደሚወድቅ አሳይቶናል።

የዓምዳችሁ ጸሐፊ ያልነኩት፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት መነሣት ነበረበት የምለው ጥያቄ፣ ርእሰ አንቀጽ ለማን ነው የሚለው ነው። የኒው ዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ከሚያነበው ጽሑፍ ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ያስፈልገዋል ከተባለ፣ ጋዜጣና ልቦለድን የመሰሉ ጽሑፎችን ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች እንደሚያሻው አስልተዋል፤ የቃል ቤተሰብ ሲባል እንደ «ዲሳይድ»ና «ዲሳይድድ» ያሉት ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርጾች በአንድነት እንደ አንድ ይቈጠራሉ ማለት ነው። ቍጥሩ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን ወደ አንድ ገጽ ሲወርድ ይገባል። 600 ቃላት ባሉት ርእሰ አንቀጽ 98 በመቶውን የሚያውቅ አንባቢ የሚቸገረው በ12 ቃላት ነው፤ 90 በመቶውን ብቻ የሚያውቅ ግን 60 እንግዳ ቃላት ያጋጥሙታል፤ ይህም በየመስመሩ አንድ እንቅፋት እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰው ያነባል፣ ሁለተኛው ይፈታል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህሩ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጡት ዝርዝር የያዛቸው 2,000 ያህል እጅግ የተለመዱ ቃላት ገና ያልተዋሃዱት ተማሪ ርእሰ አንቀጽ ይዞ ቢቀመጥ ጊዜውን የሚበላበት መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ነው፤ ለእርሱ ቀላል ዜናና ለተማሪ ተብለው የቀለሉ የንባብ መጻሕፍት ይሻሉታል። ይህን ለመለየት ፈተና አያስፈልግም፤ አንድ ርእሰ አንቀጽ ወስዶ የማያውቃቸውን ቃላት በእርሳስ ያስምርባቸው፣ ከሠላሳ ከበለጡ ለጊዜው ይተወው።

ደረጃው የደረሰለት አንባቢ እንዴት ያንብብ ለሚለው፣ እኔ የምሠራበትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ላሳይ። በእንግሊዝኛ ርእሰ አንቀጽ ላይ ሊገኝ የሚችልን አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ እንዲህ ብለን እናስበው፦ «ሚኒስትሩ የሰጡት ማረጋገጫ፣ መዘግየቱ እጥረቱን ያባብሰዋል የሚለውን ሥጋት እምብዛም አላረገበውም።» እንግሊዝኛው ለማርገብ «አሌይ»፣ ለማባባስ «ኤግዛሰርቤት» የሚሉትን ግሦች ይጠቀማል። የደብተሩ ዘዴ ሁለቱን ቃላት ለይቶ «መቀነስ» እና «መጨመር» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ፣ ሁለቱም ያስታሉ። «አሌይ» ያገኘውን ሁሉ አይቀንስም፤ በርእሰ አንቀጽ ውስጥ ከጎኑ የማይታጡት ሥጋት፣ ፍርሃትና ጥርጣሬ ናቸው፤ ዋጋን ወይም ደመወዝን በእርሱ የሚቀንስ ጸሐፊ የለም። «ኤግዛሰርቤት» ደግሞ የሚጨምረው ቀድሞውኑ የከፋውን ነው፤ ችግርን፣ ግጭትን፣ በሽታን። አማርኛችን ይህን ሥርዓት በሚገባ ያውቀዋል፤ ጥምን እንቆርጣለን፣ ረሃብን ግን እናስታግሣለን፤ «ረሃቤን ቆረጥሁ» የሚል ሰው ብንሰማ ሰዋስው አላፈረሰም፣ ግን እንግዳ መሆኑን ወዲያው እናውቅበታለን። በእንግሊዝኛም እንግድነታችንን የሚያጋልጠው ይኸው የቃላት ጕድኝት ነው፤ ስለዚህ በደብተር ላይ መስፈር ያለበት «አሌይ» ብቻውን ሳይሆን «አሌይ ፊርስ» ነው፤ ከሥሩም ቃሉ የተገኘበት ዐረፍተ ነገር ሙሉው።

በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቃል ለቃሚ ጨርሶ የማያየው ሌላ ነገር አለ። «እምብዛም» ያልሁት በእንግሊዝኛው «ዳን ሊትል ቱ» የሚል ሐረግ ነው፤ ሦስቱም ቃላት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ የሚያውቃቸው ናቸው። ቃል በቃል ጥቂት ሠርቷል ማለት ይመስላል፤ ጸሐፊው ግን በጨዋነት የሚለው ምንም አልፈየደም ነው። የርእሰ አንቀጽን ቋንቋ ከባድ የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ቀላል ቃላት ናቸው፣ እነዚህን ደግሞ «አዲስ ቃል» ብሎ የሚመዘግብ አንድም ደብተር አላየሁም። ሁለት ፊት ያላቸውም አሉ። «ሳንክሽን» መፍቀድም ነው፣ ማዕቀብ መጣልም ነው፤ እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ ምክር ቤት ያጸደቀውን ዕቅድ «ማዕቀብ ጣለበት» ብዬ ተርጕሜ፣ አራሚው ባይደርስልኝ ኖሮ ዕቅዱ በእኔ ብዕር ይቀር ነበር። «ኦቨርሳይት» ቍጥጥርም ሲሆን በቸልታ የተሠራ ስሕተትም ነው። ከሁሉ የከፋው «ቴብል» ነው፤ የእንግሊዝ ጋዜጣ አንድ ሐሳብ ለምክር ቤት «ቴብል» ተደረገ ሲል ለውይይት ቀረበ ማለቱ ሲሆን፣ የአሜሪካው ያንኑ ቃል ሲጽፍ ውይይቱ ተገታ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በአንድ የአማርኛ ፍቺ የሚገልጥ ደብተር ከሁለት ጊዜ አንዱን ያሳስታል።

ስለ መዝገበ ቃላት ብዙ አልልም፤ ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ይሁን ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን ሁሉ በ2,000 ያህል ቀላል ቃላት የሰጠው ፍቺው ራሱ ሌላ ፍቺ እንዳይሻ ነበር።

ዐሥር ቃል በየቀኑ የሚለው ቍጥርም አያሳምነኝም። በየትኛውም ረዘም ያለ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ልዩ ልዩ ቃላት ግማሽ ያህሉ የሚታዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዛሬ ስለ ዓሣ ሀብት፣ ነገ ስለ ባንክ ወለድ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ክትባት የሚያነብ ሰው ትናንት የመዘገባቸውን ቃላት ለወራት ላያገኛቸው ይችላል። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ምሁር ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት የትውስታ ጥናት እንዳሳዩት፣ ያልተደገመ ነገር የሚረሳው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት አንድን ጉዳይ መከታተል ነው። አንድ የምርጫ ሕግ ሲያከራክር ሰኞ አንዱ ጋዜጣ፣ ማክሰኞ ሌላው፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ተመልሶ ይጽፍበታል፤ ያው ቃላት እየተመላለሱ፣ በሌላ ዐረፍተ ነገርና በሌላ ስሜት ይመጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን «ጄሪማንደር» (የምርጫ ወረዳን ለወገን በሚጠቅም መልክ መከለል) የሚለውን ግሥ ማንም ሳያስጠናው አንባቢው ለምዶት ይገኛል። የቋንቋ ምሁሩ ስቲቨን ክራሸን በአንድ ርእስ ወይም በአንድ ደራሲ ላይ ተወስኖ የማንበብን ጥቅም ሲሟገቱበት የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። «ጄሪማንደር»ን ካነሣሁ አይቀር፣ ታሪክ ያላቸው ቃላት ቶሎ እንደሚያዙ ልጥቀስ፤ እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጄሪ ወገናቸውን እንዲጠቅም ተደርጎ የተከለለ የምርጫ ወረዳ ሲያጸድቁ፣ ካርታው ላይ ሲታይ «ሳላማንደር» የሚባለውን እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ስለ መሰለ ስማቸው ከእርሱ ጋር ተሰፍቶ ቀረ። ማግለል ማለት የሆነው «ቦይኮት»ም እ.ኤ.አ. በ1880 በአየርላንድ ገበሬዎች ካገለሉት የመሬት አስተዳዳሪ ስም የመጣ ነው።

ቃላቱን የራስ ማድረጊያ መንገድ ግን ንባብ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ጸሐፊና የአገር መሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በልጅነቱ በቦስተን በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1711 እና በ1712 በለንደን በየዕለቱ ይታተም ከነበረው «ዘ ስፔክቴተር» ከተባለው ጋዜጣ የተሰበሰበ አንድ ጥራዝ እጁ ገባ። በሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፣ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሐሳብ በአጭር ማስታወሻ ይዞ፣ ለጥቂት ቀናት አቆይቶ፣ ጽሑፉን ሳያይ በራሱ ቃላት መልሶ ይጽፈውና ከዋናው ጋር ያስተያየው ነበር። ያን ጊዜ የቃል ክምችት እንደሚያንሰው፣ ያለውንም ፈጥኖ የማውጣት ልምድ እንደሌለው ተገነዘበ፤ ስለዚህ አንዳንዱን ጽሑፍ ወደ ግጥም ይለውጠው ጀመር፤ ለቤቱ መምቻና ለስንኙ ልክ ሲል አቻ ቃላትን እንዲፈልግ ያስገድደዋልና። እኔ ግጥሙን አልሞከርሁትም። የመጀመሪያውን ግን በራሴ ላይ ሠርቼበታለሁ፤ አንዱን አንቀጽ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፣ ከአራት ቀን በኋላ አማርኛውን ብቻ ይዤ ወደ እንግሊዝኛ እወስደዋለሁ፣ ከዚያ ከዋናው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። እኔ «ሪዲውስ» (መቀነስ) ያልሁበት ቦታ ላይ ጸሐፊው «አሌይ» ብሎ ሲገኝ፣ ያ ቃል ሁለተኛ ከአእምሮዬ አይወጣም፤ የጐደለኝን ቦታ ራሴው አውቄዋለሁና።

አንድ ቅሬታ እንደሚነሣብኝ ዐውቃለሁ፤ ርእሰ አንቀጽ አቋም ያለው ጽሑፍ ከሆነ ተማሪው ከቃላቱ ጋር አቋሙንም ይጠጣዋል የሚል። እውነት ነው፣ ስለዚህም ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጋዜጣ ይነበብ እላለሁ። አንዱ «ሬብል» (ዐማፂ) ያለውን ታጣቂ ሌላው «ቴረሪስት» (አሸባሪ) ብሎት፣ አንዱ «ሪፎርም» (ማሻሻያ) ያለውን ሌላው «ከት» (ቅነሳ) ብሎት ሲያገኝ፣ አንባቢው ሁለት ቃል ከነሚዛናቸው ይይዛል፤ ከአንድ ጋዜጣ ዝርዝር ይህን አያገኝም። ሌላው ቅሬታ ተማሪዎች እነዚህን ከባድ ቃላት በየጨዋታው ያስገባሉ የሚለው ነው፤ ይህንንም አልክድም። በስልክ ለወዳጁ «ጉንፋኔ ኤግዛሰርቤት አደረገ» የሚል ወጣት አውቃለሁ። የርእሰ አንቀጽ ቃል ለማመልከቻ፣ ለሪፖርትና ለክርክር ነው፤ ለጉንፋን «ጎት ወርስ» (ባሰ) ይበቃል።

ይህን ሁሉ ያተትሁት ዓምዳችሁን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም በየሳምንቱ የምጠብቀው ዓምድ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከጽሑፉ ግርጌ የሚወጣው የዐሥር ቃላት ሠንጠረዥ ይቅርና፣ በምትኩ ከአንድ የእንግሊዝኛ ርእሰ አንቀጽ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ከነትርጕሙ ይታተም፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ከማን ጋር እንደሚውሉ፣ ጸሐፊው ለምን እነርሱን እንደ መረጠ በጥቂት መስመር ይገለጽ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በዚያው ጉዳይ ላይ ከተጻፈ ሌላ ርእሰ አንቀጽ ይቀጥል። ሠንጠረዡ የሚይዘው ቦታ ለዚህ ይበቃል። ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል ከተባለ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት አዘጋጅቼ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ የሆኑ ተርጓሚ